ዱካክ፣ ወገቤና የበጎቹ አንጎል

ጫት ባቆምኩ በአምስተኛው ሌሊት ዱካክ መጣ። የቃመ ሰው ዱካክ ምን እንደሆነ አይጠይቀኝም። ላልቃመ ደግሞ ቅዠት ነው ብዬ ባልፈው ይቀለኛል፤ ግን ቅዠት ብቻ አይደለም፣ ደረት ላይ ቁጭ የሚል ነገር አለው። ያን ሌሊት ካላለቀ ፎቅ ጫፍ ቁልቁል ተንጠልጥያለሁ። ቁርጭምጭሚቴን የያዘኝ ሰው ፊቱ አይታየኝም፤ እየሳቀ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላላል። በገዛ ጩኸቴ ስነቃ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፣ በአንድ እጇ የስልኳን መብራት፣ በሌላው ጸበል ያለበት ሃይላንድ ይዛ።

«በስመ አብ በል» አለችኝ።

አልኩ። ፊቴ ላይ ረጨችልኝ። ልነሳ ስል ግን ወገቤ እምቢ አለ፤ እንደ ዛገ ማጠፊያ ቀጥ ብሎ ቀረ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስቅም፣ ከአንድ ቀን በቀር፣ እንደዚያ አሞኝ አያውቅም። እናቴ ጸበሉን አስቀምጣ ወገቤን በቅባት ማሸት ስትጀምር «ይሄ ቅጠል ወገብህን ይዞልህ ነበር ማለት ነው እንዴ?» አለች፣ ለራሷ ይሁን ለእኔ ባልለየ ድምፅ። እኔም በጫቱ ፈንታ ያችን ጥያቄ ሳመነዥክ ከረምኩ።

የወገቤ ነገር ከዚያ ሌሊት አልጀመረም። ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ የተሳፈርኩበትን ሚኒባስ ከኋላ የጭነት መኪና ገጨው። መስታወቱ ረገፈ፣ ሰው ተንጫጫ። እኔ ምንም አልሆንኩም። እንዲያውም አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ይዘዋት የተሳፈሩት ዶሮ ጠፍታባቸው ከወንበር ሥር ጎንበስ ብዬ ፈልጌ ያወጣሁላቸው እኔ ነበርኩ። ቤቴ የገባሁት በእግሬ ነው። ራቴን በላሁ፣ ለጎረቤት ሁሉ እንደ ጀብዱ አወራሁ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ግድም አልጋ ላይ ልገላበጥ ስል ነው አንድ ሰው በጋለ ብረት ወገቤን የወጋኝ ያህል የጮህኩት። በማግስቱ የተነሳሁት ፊልም የዲስክ መንሸራተት አሳየ። ዲስኩ የተንሸራተተው ቀን ነው፤ ሕመሙ የመጣው ሌሊት።

በመሀል ያሉት ሰዓታት የት ሄዱ?

ይህን የጠየቀ ሰው ከእኔ በፊት አለ። ሄንሪ ቢቸር የተባለ አሜሪካዊ የማደንዘዣ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን ግንባር ላይ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ክፉኛ የቆሰሉትን ወታደሮች ማስታገሻ ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው ሦስት አራተኛ ያህሉ አንፈልግም አሉት። አጥንታቸው ተሰብሯል፣ ሆዳቸው ተቀድዷል፤ አንፈልግም። በ1946 ይህን ጽፎ ሲያወጣ ያመነበት ነገር፣ የሕመም መጠን ከቁስሉ መጠን ጋር እኩል እንደማይሄድ ነው። ለወታደሩ ቁስሉ ከሞት ወደ ቤት የሚመለስበት ትኬት ነበር። ሕመሙን የሚያፍነው ኬሚካል የተገኘው ቆይቶ ነው፦ በ1975 ስኮትላንድ አበርዲን ውስጥ ጆን ሂውዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ ከአሳማ አንጎል ውስጥ ሞርፊን የሚመስል፣ አካል ራሱ የሚሠራው ማስታገሻ አወጡ። እኔም ዶሮዋን ስፈልግ የነበረው በዚህ ማስታገሻ ተደግፌ ሳይሆን አይቀርም። የድንገተኛ ጭንቅ አንዱ ሥራ ሕመምን ለጊዜው ማፈን ነው፤ መጀመሪያ አምልጥ፣ ኋላ ታለቅሳለህ።

የሰነበተ ጭንቅ ግን ተቃራኒውን ይሠራል። የእኔም ታሪክ ከዚህ ላይ ይታጠፋል።

ወገቤ በታመመ በሁለተኛው ዓመት አንድ ወዳጄ «ትንሽ ቃም፣ ወገብህን ትረሳዋለህ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ረሳሁት። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን፣ በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ከትኩሱ ቅጠል የተለየው፣ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው፤ ዶፓሚን የሚባለውን፣ ደስታና ጉጉት የሚቀሰቅሰውን የአንጎል ኬሚካል ያፈሳል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑም አብሮ ስለሚደክም ነው የአወዳይ መኪኖች በዚያ ፍጥነት የሚበሩት። ስምንት ሰዓት ላይ ዙርባችንን ይዘን እንቀመጣለን፤ ውሃ፣ ኮካ፣ ለውዝ። አሥር ሰዓት ላይ ምርቃናው ሲገባ በዚያች ጠባብ ክፍል ያልሠራነው ፎቅ፣ ያላስታረቅነው ፓርቲ የለም። ወገብ? የምን ወገብ!

ያ የመጀመሪያው ዓመት ነው። በአራተኛው ዓመት ክፍሏ ያችው ናት፣ ሰዎቹም እኛው ነን፤ ግን ማንም አይናገርም። እያንዳንዱ ጉንጩን ነፍቶ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ደስታው ሄዷል። የቀረው ምን እንደሆነ ያኔ ብትጠይቁኝ «ልማድ» እላችሁ ነበር። አሁን ሌላ ቃል አለኝ፦ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ የሚጀምረኝ ቁጣ፣ ልጅ ሳቀ ብሎ መነጫነጭ፣ ወገቤን ቀስ ብሎ የሚጠዘጥዘኝ ነገር። ሐራራ። የምቅመው እሱን ለማስቆም ነበር። ጉንጬ ሲሞላ የማገኘው ደስታ ሳይሆን እፎይታ ነው፤ ሁለቱን ለመለየት ግን ስድስት ዓመት ፈጀብኝ።

ካቆምኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሕመሙ ሲጠናብኝ አዲስ ኤምአርአይ ተነሳሁ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ ልጅ እግር ናት፣ አዲሱንና የድሮውን ፊልም ጎን ለጎን መብራቱ ላይ ሰክታ ብዙ ቆየች። «ዲስክዎ ባለበት ነው» አለች። «እንዲያውም ትንሽ ሰብሰብ ብሏል።»

«ታዲያ ይሄ ሕመም ከየት መጣ?»

«ሱስ ነገር ነበረብዎት?»

አፈርኩ። ነገርኳት። አልገረማትም። «ደወሉ ነው» አለች፣ የራስ ቅሏን በጣቷ እየነካች፤ «ሌባ ሳይገባ የሚጮህ ደወል። ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው፣ ያስመስላሉ እያልኩ አይደለም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እስካሁን አመሰግናታለሁ። «ጭንቅላትህ ውስጥ ነው» የሚባል ነገር በአማርኛ ስድብ ነው፤ ዋሾ ነህ ወይም ለይቶልሃል ማለት ነው። ቃሉን ፊት ለፊት አይታችሁት ከሆነ ግን፣ ጭንቅላት የሚለው ቃል ራሱ ጭንቅ ብሎ ይጀምራል።

እቤት ገብቼ ስለዚያ ደወል ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ነገር ከያዘኝ አልለቅም፤ ሱሰኛ ሆኜ የለ!

የደወሉ ታሪክ ከበግ ይጀምራል። በሃያኛው መቶ አጋማሽ የነበሩ ሳይንቲስቶች ከአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ የሚባል ክፍል፣ ሰው ሲጨነቅ አንድ ነገር ወደ ታች እንደሚልክ ጠርጥረዋል፤ ፒቱታሪ ዕጢን ይቀሰቅሳል፣ እሷም ኩላሊት ላይ የተደፉትን አድሬናል ዕጢዎች ትቀሰቅሳለች፣ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ይፈሳል። ያ መጀመሪያ የሚላከው ነገር ግን ማን ነው? ሮዤ ጊየማንና አንድሩ ሻሊ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ፈልገው፣ ፈልገው፣ አጥተው ተዉት፤ ፊታቸውን ወደ ሌሎች ሆርሞኖች አዙረው በ1977 ኖቤል ተሸለሙ። የጊየማን ደቀ መዝሙር የነበረው ዋይሊ ቬይል ግን ካሊፎርኒያ፣ ሳልክ ኢንስቲትዩት ውስጥ ሆኖ ቀጠለ። በ1981 አገኘው። 41 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን ጡቦች) የተሰካኩባት አጭር ሰንሰለት ናት። ለእሷ ሲባል የተፈጨው የበግ ሃይፖታላመስ 490,000 ነው። በእኛ የፋሲካ ዋዜማ ዓይን አስቡት፤ ያን ሁሉ በግ አሳርዶ ሥጋውን ትቶ ከአንጎሉ ቁራጭ የሚለቅም ሰው! ስሟ ሲአርኤፍ ተባለ፤ ሲዘረዘር ኮርቲኮትሮፒን ሪሊዚንግ ፋክተር። እሷን የሚሠሩ የነርቭ ሴሎች ናቸው እንግዲህ የጭንቀት ሴሎች የሚባሉት።

ነገሩ እዚያ ቢያልቅ ኖሮ የሆርሞን ታሪክ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ቆይቶ ግን እነዚህ ሴሎች ሃይፖታላመስ ውስጥ ብቻ እንዳልሰፈሩ ታየ። ከጆሮ ወደ ውስጥ፣ ጥልቅ ብሎ፣ አሚግዳላ የሚባል ቦታ አለ፤ ግራና ቀኝ አንድ አንድ። ስሙ ከግሪክ ነው፣ ለውዝ ማለት ነው። የአሮን በትር ያፈራችውን ለውዝ እንጂ በርጫ ላይ የምንቆረጥመውን አይደለም፤ ግን ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ለውዝ መሀል፣ ማዕከላዊ ኒውክሊየስ በሚሉት ጥግ፣ የሲአርኤፍ ሴሎች ተሰብስበዋል። እነዚህ ሆርሞን ወደ ደም አይልኩም፤ ነርቭ ከነርቭ ነው የሚያወሩት።

ሁለቱ ሰፈሮች ደግሞ ጠባያቸው አንድ አይደለም። ኮርቲሶል በደም ዞሮ ሃይፖታላመስ ጋ ሲደርስ «ሰምተናል፣ በቃ» ይላቸዋል፤ እነሱም ዝም ይላሉ። ጤነኛ ጭንቀት የሚያበቃው በዚህ ነው። ያው ኮርቲሶል አሚግዳላ ጋ ሲደርስ ግን የሲአርኤፉ ምርት ይጨምራል። አንዱን ቤት የሚያስተኛው መድኃኒት ሌላውን ቤት ይቀሰቅሳል። ጭንቀቱ ሲሰነብት፣ ሰውየው ከላይ ተረጋግቶ ሥራውን እየሠራ፣ ከውስጥ ያቺ ለውዝ ታድራለች እንጂ አትተኛም። ወሩን ሙሉ «ደህና ነኝ» ስል ከርሜ በአንድ የፈሰሰ ሻይ ያነባሁበት ቀን ትዝ ይለኛል።

ሕመም ወደዚህ ቦታ የሚገባበት የራሱ በር አለው። ከወገቤ የተነሳው መልእክት በአከርካሪዬ ሲወጣ ቢያንስ ሁለት መንገድ ይይዛል። አንዱ የት እንዳመመኝና ምን ዓይነት ሕመም እንደሆነ ለይቶ ወደሚያውቀው የአንጎል ቅርፊት ይሄዳል። ሌላው ፓራብራኪያል የሚባል፣ የአንጎል ግንድ ላይ ያለ መናኸሪያ ይደርስና ከዚያ በቀጥታ አሚግዳላ ይገባል። ይሄኛው የትነቱ ግድ የለውም፤ የሚያደርሰው ክፉነቱን ነው። ለዚህም ነው ስለ ሕመም ስንናገር «እዚህ ጋ» ብቻ ብለን የማናቆመው፤ «ተማረርኩ»፣ «መረረኝ» እንላለን። ቴክሳስ ውስጥ ቮልከር ኖይገባወር የሚመራው ቡድን መገጣጠሚያቸው የቆሰለ አይጦች አሚግዳላ ላይ የሲአርኤፍን መቀበያ፣ ሴሉ መልእክቷን የሚቀበልበትን በር፣ ሲዘጋ፣ ሕመሙም ፍርሃቱም አብሮ ቀለለላቸው። ጉልበታቸው ግን እንዳበጠ ነው። ይህን ሳነብ ነው የፊዚዮቴራፒስቷ ሁለት ፊልሞች የገቡኝ።

መስመሩ ደግሞ የመልስ ጉዞም አለው። ከአሚግዳላ ወደ አንጎል ግንድ፣ ከዚያ ወደ አከርካሪ የሚወርድ ትእዛዝ ሕመሙን ከመነሻው ሊያፍነው ወይም ሊያጎላው ይችላል። ሚኒባሱ ውስጥ አፈነው። ከዓመታት በኋላ፣ ጫቱ ተነሥቶ፣ አጎላው። እጁ አንድ ነው፣ ያዞረው ቁልፍ ብቻ ይለያያል።

እዚህ ላይ አባቴን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ያረፈው ገና በምቅምበት ዘመን ነው። ቀብሩ ላይ ደህና ነበርኩ፤ ድንኳን ሳስተክል፣ ዕድርተኛ ሳስተናግድ ዋልኩ። በሠልስቱ ጠዋት አክስቴ ከክፍለ ሀገር ደረሰች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ገና ከበሩ «ወንድሜን! ወገቤ ተቆረጠ!» ስትል የእኔ ወገብ ቀጥ አለ። በምሳሌ አልልም፤ ሁለት ሰው ደግፎኝ ነው የተቀመጥኩት። ያኔ እንቅልፍ ማጣት ነው፣ ወንበር መሸከም ነው አልኩ። አሁን የማስበው አክስቴ የተናገረችው ዘይቤ ብቻ አለመሆኑን ነው። ሐዘንና ሕመም ሁለት ቤት ያላቸው፣ አንድ አጥር ግቢ የሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው። ከአንዱ ቤት ጭስ ሲነሳ የሌላው ሰው ያስለዋል። አማርኛችን «አመመኝ» የሚለውን ቃል ለጥርስም ለክህደትም ሲሰጥ አልሳተም።

ሦስተኛው ጎረቤት ሱስ ነው። ጆርጅ ኩብ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ የአገሩን የአልኮል ጥናት ብሔራዊ ተቋም ለዓመታት የመራ፣ ዕድሜውን የፈጀው «የሱስ ጨለማ ገጽ» በሚለው ነገር ላይ ነው። ሐሳቡ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ሰው ሲጀምር ለደስታ ይወስዳል፤ ሲቆይ ግን አንጎሉ ያን የተዋሰውን ደስታ ለማመጣጠን የጭንቀቱን ወገን ያጠነክራል። ዕቃው ሲቀር ሚዛኑ ወደ አንድ በኩል ወድቆ ይገኛል። ከዚያ በኋላ የሚወሰደው ለመደሰት ሳይሆን ከመከፋት ለማምለጥ ነው። በ1995 የታተመ ጥናት ላይ አልኮል የለመዱ አይጦች ሲከለከሉ አሚግዳላቸው ውስጥ ያለው ሲአርኤፍ በሰዓታት ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ ተለክቷል። በሌሎች ሙከራዎች የሲአርኤፉን መቀበያ ሲዘጉባቸው ሱስ የያዛቸው አይጦች መጠጣቸውን ቀነሱ፤ ሱስ ሳይዛቸው እንዲሁ ፉት የሚሉት ግን ምንም አልተለወጡም። ደጋግሜ ያነበብኩት ይህችን ነው። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም ይጠጣሉ። ከውስጥ ግን አንዱ ይጠጣል፣ ሌላው ይሸሻል። በ2019 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ብርሃን ሲበራባቸው ዝም የሚሉ አድርገው የለወጧቸውን እነዚያኑ የአሚግዳላ ሴሎች ሲያጠፏቸው፣ የለመዱት አይጦች መጠጡንም ቀነሱ፣ የመታቀብ መንቀጥቀጣቸውም ቀነሰ። መብራቱ ሲጠፋ ሁሉም ተመለሰ።

እነዚህ ሙከራዎች የተሠሩት ባብዛኛው በአልኮል፣ በኦፒየም ዘሮችና በኒኮቲን ላይ ነው። ለጫት ያን ያህል የተጨነቀ ላቦራቶሪ የለም፤ ጫት የድሃ አገር ቅጠል ነው። እኔ ግን በርጫችንን በአራተኛው ዓመት ያየ ሰው የኩብን ጽሑፍ ማንበብ አያስፈልገውም ባይ ነኝ።

ሰፈራችን ውስጥ እንደ እኔ ያለውን «ጀዝባ» ይሉታል፤ ያለቀለት፣ ወኔ የሌለው ማለት ነው። ለዓመታት ይህን ስለ ራሴ አምኜ ነበር። ሴሎቹን ካወቅሁ በኋላ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ልንሸራተት ምንም አልቀረኝም፦ «እኔ ምን ላድርግ፣ አሚግዳላዬ ነው።» አንድ ቀን ልጄ ላይ በከንቱ ጮኼ ስገሥጻት ይህንኑ ለባለቤቴ ብነግራት «ይቅርታ የምትጠይቀው አሚግዳላህ ነው ወይስ አንተ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሄጄ ልጄን ይቅርታ ጠየቅሁ።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ሴሎቹን ማጥፊያ ክኒን ቢመኝ አይፈረድበትም። ኩባንያዎችም ተመኝተዋል። የሲአርኤፍን ዋና መቀበያ የሚዘጉ መድኃኒቶች ተሠርተው ለድብርት፣ ለጭንቀት፣ ከዚያም ለአልኮል ሱስ በሰው ላይ ተሞከሩ። ፔክሳሰርፎንትና ቬሩሰርፎንት የሚባሉት በ2015 እና በ2016 ውጤታቸው ወጣ፤ የጠጪዎቹን አምሮት አልቀነሱትም። ቬሩሰርፎንት የተሰጣቸው ሴቶች የሚያስፈራ ፊት ሲያዩ አሚግዳላቸው ቀዝቀዝ ማለቱ በምስል ታይቷል። ሐራራው ግን ባለበት። አይጥ ላይ ያን ያህል ያማረ ታሪክ ሰው ላይ እንዲህ ሲከሽፍ ሳነብ፣ ትንሽ ተናደድኩ፣ ትንሽ ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደስ አለኝ። የመድኃኒቱ ዘመድ የሆነው ክሪነሰርፎንት በ2024 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ጸድቋል፤ ለሱስም ለጭንቀትም አይደለም፣ አብሮ ለሚወለድ የአድሬናል ዕጢ በሽታ ነው። ዞሮ ዞሮ ሲአርኤፍ በጎቹ ወደተታረዱበት ወደ መጀመሪያው ሥራዋ፣ ወደ ሆርሞኗ ተመለሰች።

የከሸፈበትን ምክንያት በአንድ ቃል መናገር አይቻልም፤ አንድ ጥናት ግን ነገሩ «ክፉ ሴል» የማለት ያህል ቀላል እንዳልሆነ አሳይቶኛል። በ2012 ሲያትል፣ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ሲአርኤፍን ኒውክሊየስ አከምበንስ በሚባለው፣ የዶፓሚን አደባባይ በሆነው ቦታ ጨመሩ። ተጨንቀው በማያውቁ አይጦች ላይ ሲአርኤፉ ዶፓሚንን ጨመረ፤ አይጦቹም ያ የተደረገባቸውን ክፍል ወደዱት። የጭንቀት ኬሚካል የተባለው፣ አዲስ ነገር ለማየት የሚያስነሣ ጉጉት ሆኖ ተገኘ! ከዚያ ሌሎች አይጦችን በሁለት ቀን ውስጥ ደጋግመው ውሃ ውስጥ አስዋኟቸው፤ መውጫ በሌለው ውሃ። ከዚያ በኋላ ያው ሲአርኤፍ ዶፓሚንን መጨመር ተወ፤ አይጦቹም ያን ክፍል ሸሹት። ለውጡ ቢያንስ 90 ቀን ቆየ፤ ለአይጥ ያ ከዕድሜዋ ብዙ ነው።

ይህን ያነበብኩ ቀን መጀመሪያ ያሰብኩት ሚኒባሱን አይደለም። ከዚያ በፊት የነበርኩትን ልጅ ነው፤ አዲስ ሥራ፣ አዲስ ሰፈር፣ አዲስ ሰው ሲባል ሆዱ በጉጉት የሚላወሰውን። ከአደጋው፣ ከሥራ መፈታቱ፣ ከአባቴ በኋላ ያው መላወስ ሲመጣ ፍርሃት ሆኖ ነው የሚመጣው። ስልክ ሲጠራ «ማን ሞተ?» የምል ሰው ሆኛለሁ። ጫቱ ለጥቂት ሰዓት የድሮውን መላወስ ይመልስልኝ ነበር፤ የሐሰት ቢሆንም መልኩን ይዞ። የናፈቀኝ ቅጠሉ አልነበረም።

ዘጠኝ ወር ሆነኝ አሁን። ዱካኩ በሦስተኛው ሳምንት ተወኝ። ወገቤ ቀስ በቀስ፣ ሁለት እርምጃ ወደፊት አንድ ወደኋላ፣ እየለቀቀኝ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ የሰጠችኝን እንቅስቃሴ እናቴ ከወለሉ ማዶ ተቀምጣ እየቆጠረች ታሠራኛለች፤ እኔ ስምንት ስል እሷ «ሰባት ነው» ትላለች። በእንቅልፌ አልደራደርም። ስምንት ሰዓት ላይ ቤት ውስጥ ብቻዬን አልቀመጥም፤ እግሬን አንሥቼ እወጣለሁ።

ያለፈው ማክሰኞ እንደዚያ ስወጣ በድሮው ጫት ቤት በኩል አለፍኩ። አልተጠነቀቅሁም፣ መንገዱ ተቆፍሮ ነው። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ወርጄ ነበር ያን ቀን፣ ያለ ምንም ሕመም። ሻጩ ኮባውን ገለጥ አድርጎ ውሃ ይረጫል። ገና ሽታው ሳይደርሰኝ፣ ገና እሱ እኔን ሳያይ፣ ወገቤ ጠዘጠዘኝ። ቆምኩ። እዚያ ጋ ደግሞ አንድ ደረጃ አልወጣሁም፣ ዕቃ አላነሳሁም።

«ኧረ ጋሼ! ጠፍተው ጠፍተው!» አለኝ ሻጩ። «በለጬ ነው፣ ዛሬ የገባ።»

«ሰላም ነው ወንድሜ፣ ይሁን» አልኩት። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ትንሽ ቆየሁ፤ እሱም የሸመገልኩ መስሎት ወንበር ሊስብልኝ ነበር። አመስግኜው ከጎኑ ካለችው ሱቅ ለውዝ ገዛሁ፣ የሃያ ብር፣ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ። እየቆረጠምኩ ሄድኩ። ወረቀቱ ላይ የሆነ ልጅ ማባዛት ተለማምዶበታል፤ ሰባት ጊዜ ስምንትን ሃምሳ አራት ብሎታል። አደባባዩ ጋ ስደርስ ለውዙ አልቋል፣ ወገቤም ትቶኛል።